«ድንጋጤ መጣጭ» ወይስ አሞርዛተር? ስለ አንድ የመካኒክ ቃል ስየማ የቀረበ ሂስ

በሪሞት የሚነዱት የወጣ ገባ መኪኖች፣ ይኸውም በሬዲዮ ሞገድ እየታዘዙ በአሸዋና በጠጠር ላይ የሚሮጡት ትንንሽ የጭነት መኪና አምሳያዎች፣ ለተርጓሚ የሚያቀርቡት ፈተና ከቁመናቸው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ከመኪናው ጋር የሚመጣው የጥገና መምሪያ ስለ ጎማና ስለ ባትሪ በሚናገርበት ክፍል ብዙ አያስቸግርም። ስለ ሞላውና በዘይት ስለሚሠራው መሣሪያ አፈታትና አገጣጠም መናገር ሲጀምር ግን አማርኛው ይሰናከላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሰናከሉ ከየት እንደሚመጣ መመርመር ነው። በእኛ አስተያየት ችግሩ የቋንቋው ድህነት አይደለም፤ ጋራዡ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረውን ቃል ሳይጠይቁ ከእንግሊዝኛው ወደ ግዕዝ የሚሸጋገሩ ሰያሚዎች አካሄድ ነው።

በመሠረቱ «ሾክ አብዞርበር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ራሱ የተስተካከለ አይደለም። መኪናው ጉብታ ሲመታ ምቱን በቀዳሚነት የሚቀበለው ሞላው ነው፤ ይጨመቃል፣ የተቀበለውንም ጉልበት ያከማቻል። ያከማቸውን ግን ወዲያው መልሶ ስለሚለቅ፣ ሞላው ብቻውን ቢተው መኪናው ካለፈው ጉብታ በኋላም ሽቅብ ቁልቁል ሲዘልል ይቆያል። ይህን መዝለል የሚያስቆመው በዘይት የተሞላው ሲሊንደር ነው። በውስጡ ቀዳዳ ያለው ፒስተን ሲመላለስ ዘይቱ በጠባቡ ቀዳዳ በግድ ያልፋል፤ በዚህም የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንግዲህ ምቱን የሚቀበለው አንድ ነገር፣ መመላለሱን የሚገታው ሌላ ነገር ነው። የብሪታንያ መሐንዲሶች ሁለተኛውን «ዳምፐር» ማለት የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በፖርሽ 934 አምሳያ የሪሞት መኪና መሥራት የጀመረው የጃፓኑ ታሚያም በመምሪያዎቹ «ዳምፐር» ይላል፤ የአሜሪካው ትራክሳስ ደግሞ «ሾክ» ይላል። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው የሁለቱን ኩባንያዎች መምሪያ ቢይዝ፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት የማይገናኙ የአማርኛ ስሞች ያወጣለታል ማለት ነው።

ቃል በቃል የመተርጎሙ ውጤት ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ድንጋጤ መጣጭ» የሚለውን የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ስለ መኪና መነገሩን አይገምትም፤ የሚደነግጥ ሰው ነውና። በማሽን የተተረጎሙ የመለዋወጫ ማስታወቂያዎች ከዚህም አልፈው «አስደንጋጭ አምጪ» ይላሉ። እዚህ ላይ የሚያስገርመው አስቂኝነቱ ብቻ አይደለም፤ ፍችው በቀጥታ መገልበጡ ነው። የሚገታው መሣሪያ የሚያመጣ ሆነ። ከዚሁ ጋር «ሰስፔንሽን» የሚለው «እገዳ» ተብሎ ይገኛል፤ ስለዚህ «የፊት እገዳ» የሚል ሐረግ ያነበበ ሹፌር ትራፊክ ፖሊስ ከፊት ለፊት መንገድ ዘግቷል ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። የነዚህ ስያሜዎች ምንጭ ማሽን ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ማሽኑ የሚያደርገው የሰው ተርጓሚ ቸኩሎ የሚያደርገውን ነው፤ ከመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍች ማንሣት።

«ሾክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ቢያንስ በሦስት ይከፈላል። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ የሚሰማው ድንጋጤ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካው ይነዝረዋል፤ መኪናው ድንጋይ ሲመታ የሚደርስበት ምት ነው። አማርኛ ሦስቱን መለየቱ ሀብቱ ነው። ይህን በመገንዘብ «ድንጋጤ»ን ትተው «ንዝረት»ን የያዙ፣ «ንዝረት ተቀባይ» ወይም «ንዝረት መጣጭ» የሚሉ ተርጓሚዎች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደዋል። ሆኖም በባትሪና በሞተር በሚሠራ የሪሞት መኪና መምሪያ ውስጥ፣ በአንዱ ገጽ ባትሪው እንዳይነዝር ጥንቃቄ ይደረግ የሚል፣ በሌላው ገጽ «ንዝረት መጣጩን ይፍቱ» የሚል ትእዛዝ ሲያነብ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ይረዳል? በንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ «ንዝረት» ለመመላለስ እንቅስቃሴ ተስማሚ ቃል ነው፤ በዚያ እንጠቀምበታለን። ለዕቃ ስም ሲሆን ግን በጎኑ ኤሌክትሪክ ይዞ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ከአገር ውስጥ ሥርወ ቃል ስያሜ ወደሚፈልገው ወገን እንለፍ፤ ይህኛው የሚከበር ወገን ነውና በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባል። ከሁሉ የሚያምረው ሐሳብ «ማርገቢያ» የሚለው ይመስለናል። ነፋስ ይረግባል፣ አቧራ ይረግባል፣ ጠብ ይረግባል፤ ስለዚህ መኪናው ሲዘልል የሚያረግበው መሣሪያ ማርገቢያ ቢባል ለጆሮም ለሥርወ ቃልም የተስተካከለ ነው። ችግሩ የሚገኘው ጋራዥ ስንገባ ነው። በመካኒክ አነጋገር የሚረግበው ሞላ ነው፤ «ሞላው ረገበ» ማለት ሞላው ጉልበቱን ጨረሰ፣ ተኛ፣ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ገመድ እንደሚረግብ ሁሉ ሞላም ይረግባል። እንግዲህ «ማርገቢያ» የሚል ስም የተሰጠው ዕቃ፣ በሙያው ቋንቋ ሲሰማ፣ ሞላ የሚያበላሽ ዕቃ ይሆናል። አንድ ግሥ በአንድ ዐውድ መልካም ሥራ፣ በዚያው ዐውድ ደግሞ ብልሽት የሚያመለክት ከሆነ ለስያሜ አይበቃም። በቢሮ ተቀምጦ ሥርወ ቃል የሚመረምር ሰው ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

«ማብረጃ» የሚለውም ተመሳሳይ እንከን አለበት፤ በዘይቱ ውስጥ በእርግጥ ሙቀት ስለሚፈጠር አንባቢው መሣሪያው የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። ከግዕዙ «አርመመ» ተነሥቶ «ማርመሚያ» ማለትም ይቻል ይሆናል፤ ቃሉ ለመነኩሴ እንጂ ለመካኒክ አልተፈጠረም።

ታዲያ ባለሙያው ምን ይላል? በአገራችን የጋራዥ ቋንቋ ውስጥ ከጣልያንኛ የገቡ ቃላት የያዙትን ስፍራ ሁላችን እናውቃለን፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ። ባሌስትራ የሚባለው ድርብርቡ የብረት ቅጠል ስሙን ያገኘው፣ በጣልያንኛው፣ ከጥንቱ የቀስት መሣሪያ ነው። ሞላም ከዚያው ነው። አሞርዛተር ደግሞ «አሞርቲዛቶሬ» ከሚለው የተወረሰ ሲሆን፣ ይህም በፈረንሳይኛው በኩል ከላቲኑ የ«ሞት» ሥር ጋር ይገናኛል፤ ፍችው የሚያደነዝዝ፣ ጉልበት የሚገድል እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ጣልያንኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ ጠንቅቆ መሰየሙን ልብ ይሏል። (መካኒኮቻችን ይህን ሳያውቁ ዘይቱን የጨረሰውን መሣሪያ «አሞርዛተሩ ሞቷል» ማለታቸው፣ ገዳዩ ሞተ እንደማለት ስለሚሆን፣ ለቋንቋ አጥኚ ትንሽ ፈገግታ የሚያጭር ነው።) በአማርኛ ውስጥ ቃሉ መካከለኛ ቀለሙን ጥሎ፣ መጨረሻውንም ከራዲያተርና ከካርቡሬተር ጋር አመሳስሏል። እንደዚህ የተቀየረ ቃል የውጭ ቃል ነው ማለት ያስቸግራል፤ ጣልያናዊ ቢሰማው አያውቀውም።

ዋናው ነጥብ ግን ሥርወ ቃሉ አይደለም። ጋራዡ ሞላንና አሞርዛተርን ለያይቶ ይጠራል። እንግሊዝኛው «ሾክ አብዞርበር» ብሎ ያደበላለቀውን፣ በተለይም በሪሞት መኪና ላይ ሞላው በሲሊንደሩ ላይ ተጠምጥሞ አንድ ዕቃ መስሎ ሲታይ ሁለቱን ባንድነት «ሾክ» ብሎ የሚጠቀልለውን፣ አማርኛው የጋራዥ ቋንቋ ከመነሻው በሁለት ከፍሎ ይዞታል። የተሻለ ቃል በእጃችን እያለ የባሰውን ለመተርጎም መድከም ምን ይባላል?

ይህን ለመፈተን በሀዋሳ ከተማ አሞራ ገደል አካባቢ የሚሠሩ የባጃጅ አሽከርካሪዎችና መካኒኮች የሚጠቀሙበትን አነጋገር መመልከት ይጠቅማል። አሞራ ገደል በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው፤ ዓሣ ገዥውንም ጎብኚውንም በአብዛኛው የሚያመላልሰው ባጃጅ ሲሆን፣ አስፋልቱን ትቶ በውስጥ ለውስጥ ድንጋያማ መንገድ ሰው ሞልቶ ሲሄድ የሚውል ተሽከርካሪ ሞላና አሞርዛተሩ ፋታ የላቸውም። (ስለ ስያሜ ካነሣን ዘንድ፣ በዚያ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ የሚውለው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ነው፤ ሳይንሱ ከሽመላ ወገን ይመድበዋል፤ ስፍራው ግን አሞራ ገደል ተባለ እንጂ ሽመላ ገደል አልተባለም። ባጃጅም ቢሆን የሕንድ ኩባንያ ስም ነበር፤ ዛሬ «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» የሚለው በደንብና በመመሪያ ውስጥ ሲቀር፣ መንገዱን የያዘው ባጃጅ ነው።) ባጃጅ ከሪሞት መኪና በመጠን ቢራራቅም የአሠራሩ መርሕ አንድ ነው፤ ሞላ አለው፣ በዘይት የሚሠራ አሞርዛተር አለው፣ ጎሚኒ አለው።

በዚያ የምንሰማው ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን እዚህ ላይ በዘጋነው ነበር። ሀብቱ የሚገኘው በግሦቹ ነው። ባጃጁ «ያንገጫግጫል» ሲባል፣ ምቱ ሳይለዝብ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል ማለት ነው፤ ሞላው ከጭነቱ በላይ ግትር ነው፣ ወይም ጎማው ከመጠን በላይ ተነፍቷል። «ይዘልላል» ወይም «ያነጥራል» ሲባል፣ ጉብታውን ካለፈ በኋላ መመላለሱን አያቆምም፤ ሞላው ደኅና ነው፣ አሞርዛተሩ ዘይቱን ጨርሷል። «ታች ይመታል» ሲባል፣ ሞላው ረግቧል ወይም ጭነቱ በዝቷል። «ይንኳኳል» ሲባል ደግሞ ሞላም አሞርዛተርም ሳይነኩ ማሠሪያው ላይ ያለው ጎሚኒ ተበልቷል። አራት ግሥ፣ አራት ብልሽት። ለአንደኛው የሚደረገው ጥገና ለሌላው አይበጅም። ለምሳሌ ያህል ጎሚኒ ብቻ የተበላበት ባጃጅ «ንዝረት መጣጩ ተበላሽቷል» ተብሎ ቢገለጽ፣ ባለቤቱ ያለ አገባብ አዲስ አሞርዛተር ገዝቶ፣ ያው መንኳኳት ተመልሶ ሲመጣበት ይገኛል። የሚያነጥረው ሲሆን ጉዳቱ ከገንዘብም ያልፋል፤ ጎማው ከመሬት በተነሣበት ቅጽበት ፍሬን አይዝምና።

በጋራዥ የሚሠለጥን ወጣት ይህን ሁሉ በጆሮውና በእጁ ያውቀዋል። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሚሰጠው ጽሑፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስም የሚመለሰው በነዚህ አራት ግሦች አይደለም። ስለዚህ ወጣቱ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቀው ሆኖ ፈተና ይቀመጣል። የስየማ ሥራ ኃላፊነት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ሀዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት፤ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ጎማና ፍሬን የሁሉም ናቸው። አሞርዛተርም እንዲሁ ነው። ከግዕዝ የተበጀ አዲስ ቃል ብናስገባ፣ አማርኛውን ከጎረቤቶቹ ያለ ምክንያት እንለየዋለን።

የሪሞት መኪናው ለቋንቋ አጥኚ ከባጃጁ የሚበልጥበት አንድ ጥቅም አለው። የባጃጁ አሞርዛተር በአብዛኛው ከፋብሪካ ተዘግቶ የሚመጣ፣ ሲበላሽም የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ የሪሞት መኪናው ግን ተፈትቶ፣ ዘይቱ ተደፍቶ፣ እንደገና እንዲሞላ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ስም ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ሥራም ግሥ ይፈልጋል። ክፍሎቹ አያስቸግሩም፦ ሲሊንደር፣ ክዳን፣ ፒስተን፣ ዘንግ፣ ጎሚኒ፣ ከክዳኑ ሥር የሚቀመጥ ስስ ጎማ፣ ከውጭ የሚዞር የሞላ ቀለበት። የሚያስቸግረው ሥራው ነው።

ዘይቱ ከተሞላ በኋላ ፒስተኑን በዝግታ ሽቅብ ቁልቁል እያደረጉ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ መታገሥ ያስፈልጋል፤ አየር ከቀረበት አየሩ ስለሚጨመቅ አሞርዛተሩ በመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ክፍል ምንም አይገታም። ይህን ሥራ እንግሊዝኛው «ብሊድ» በሚል ግሥ ይጠራዋል። «ማድማት» ብሎ የሚመልሰው ተርጓሚ እንዳይኖር እንሰጋለን፤ «አየር ማስወጣት» የሚለው ቀላል ሐረግ ይበቃል። እዚሁ ላይ አማርኛው ራሱ አንድ ወጥመድ ይጠምዳል። የጣልያንኛው ሞላና የአማርኛው ግሥ ሞላ በድምፅም በጽሕፈትም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ላላውን አጥብቀው ይነበባሉ። «ሞላውን ከገጠሙ በኋላ ይሙሉት» የሚል ትእዛዝ ምን እንደሚሞላ አይነግርም። በንግግር ማንም አይሳሳትም፤ በጽሑፍ ግን ተርጓሚው የሚሞላውን ነገር ዘወትር በስሙ እንዲጠራ፣ «ዘይት ይሙሉ» እንዲል እንመክራለን። ለዚህ ሲባል ሞላን ጥሎ ሌላ ቃል መፈለግ ግን አይገባም።

የዘይቱ ቁጥርም ተርጓሚን ያስታል። እንግሊዝኛው «ዌት» ስለሚል «ክብደቱ 30 የሆነ ዘይት» ብሎ መተርጎም ይቀናል። ቁጥሩ ግን ከክብደት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የዘይቱን ውፍረትና ቅጥነት፣ ማለት በቀዳዳ ለማለፍ የሚያሳየውን እንቢታ የሚያመለክት ነው። ከዚህም በላይ የአንዱ ኩባንያ 30 የሌላው 30 ላይሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ጠንቃቃ አምራቾች በሴንቲስቶክስ የሚጽፉት። የእኛ መካኒክ የሞተር ዘይትን በቁጥሩ ብቻ ስለሚጠራ፣ «ቁጥር 30 ዘይት» ማለት ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል፤ «ወፍራም ዘይት» እና «ቀጭን ዘይት»ም እንደዚሁ የታወቁ ናቸው። ከ«ዝልግልግ» የተበጀ ረቂቅ ስም ለፊዚክስ መማሪያ ያገለግል ይሆናል፤ ጠርሙሱ ላይ ለመለጠፍ አይሆንም።

ፍች ሲሳሳት ሥራውም እንደሚሳሳት የሚያሳየው ጉልህ ምሳሌ «ፕሪሎድ» ነው። በሲሊንደሩ ላይ ያለውን ቀለበት አዙሮ ሞላውን አስቀድሞ ጥቂት መጨመቅ ማለት ነው። «ቅድመ ጭነት» ቢባል፣ በባጃጅና በአይሱዙ አገር ጭነት የሚጫን ዕቃ ስለሆነ፣ አንባቢው ከጉዞ በፊት ስለ መጫን የተነገረ ይመስለዋል። ይልቁንም «ሞላውን ለማጠንከር ቀለበቱን ያጥብቁ» የሚል ትርጉም ሲገኝ ነገሩ ከቃል ስሕተት ያልፋል፤ ሐሰት ይሆናል። ቀለበቱን ማጥበቅ የሞላውን ግትርነት አይለውጥም፤ ሞላው ያው ሞላ ነው። የሚለወጠው መኪናው ከመሬት የሚቆምበት ከፍታ ነው። ግትር ሞላ የፈለገ ሰው ሞላውን መለወጥ አለበት። «መነሻ ጭመቃ» የሚለው ስያሜ ይህን ሥራ በትክክል ያመለክታል፤ ጭመቃው መነሻ ላይ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ሞላው እንደ ተፈጥሮው እንደሚሠራ ያስረዳል። አያይዘንም «ጠንካራ ሞላ» የሚለው በጥንቃቄ እንዲያዝ እናሳስባለን፤ ጠንካራ የማይሰበር ማለት ሊሆን ይችላልና። ለዚህ «ግትር» እና «ለዘብ ያለ» የሚሉት ይሻላሉ።

ስለ «ቱኒንግ» ግን ከጋራዡ እንለያለን። «ማስተካከል» የተለመደ ቃል ነው፤ ነገር ግን አንድ ትክክለኛ ቦታ እንዳለና ሥራው ወደዚያ መመለስ እንደሆነ ያስመስላል። የሪሞት መኪና ያለው አሞርዛተር አራት ነው፤ አንዳንዱ ስምንት አለው። የፊቱ የሚለካው ከኋላው ጋር ነው፣ የግራው ከቀኙ ጋር። ለአሸዋ የሚስማማው ለጠጠር አይስማማም። መኪናውን ከመሬት ጥቂት አንሥቶ በመልቀቅ፣ ሳይዘልል ረጋ ብሎ ሲያርፍ ማየት፣ ካልሆነ ዘይቱን ወይም ሞላውን ለውጦ እንደገና መልቀቅ ነው። ይህ ሥራ ክራር ከመቃኘት ጋር ይመሳሰላል፤ ክሮቹ የሚስማሙት እርስ በርሳቸው ነው፣ ትዝታ ቃኝቶ የነበረም ለባቲ ሲል ይለውጣል። ስለዚህ ብልሽትን ለማረም «ማስተካከል»፣ ደኅናውን ለመንገዱ ለማስማማት «መቃኘት» ብንል ሁለት ሥራዎችን እንለያለን። «ቅኝት» የጦር ሠራዊት አሰሳንም ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እስከ ዛሬ ክራር ደርዳሪውን ከቃፊር ጋር ያምታታ ሰው ስላልሰማን ይህን ሥጋት አንጋራም።

አንባቢ እንደሚገነዘበው እስካሁን ያቀረብነው በአገራችን የስየማ ሥራ ሲሠራበት የኖረውን ቅደም ተከተል ይነካል። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ተተኪው አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን እስካሳተመበት ጊዜና ከዚያም በኋላ፣ ሰያሚው መጀመሪያ አማርኛን፣ ቀጥሎ ግዕዝን፣ ከዚያ ሌሎቹን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች፣ በመጨረሻ የውጭውን እንዲጠይቅ ይጠበቃል። መርሑን አንቃወምም፤ ይህ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ዛሬ የሳይንስ አማርኛ ብለን የምንጠራው ነገር አይኖርም ነበር። የምንቃወመው አተገባበሩን ነው። «አማርኛ» ሲባል የብራናውና የመጽሐፉ አማርኛ ብቻ ከሆነ፣ አሞርዛተር አራተኛ ተራ ላይ ይወድቃል፤ ከሱ በፊት ግዕዙ ሁሉ ይጠየቃል። ጋራዡም አማርኛ ተናጋሪ ነው ካልን ግን አሞርዛተር የሚቆመው አንደኛ ተራ ላይ ነው። ጎማን ማንም «የእግር ክብ» ሊለው ያልሞከረው፣ ከሰያሚዎች በፊት ሕዝቡ ስለወሰነው ነው። በአሞርዛተርም ሕዝቡ ወስኗል፤ ሰያሚው ዘግይቶ ደርሶ ውሳኔውን እንደገና ሊሰማ አይገባውም።

ከተሞች ውስጥ ወጣቱ ትውልድ አሞርዛተርን ትቶ «ሾክ» ማለት ጀምሯል፤ የዕቃ ማሸጊያው እንግሊዝኛ ነውና። ይህን እንደ ጥፋት አናየውም፤ ነገር ግን «ሾክ» ከመጣ ከእንግሊዝኛው ጋር የእንግሊዝኛው መደበላለቅም ይመጣል፤ «ሾኩ ተበላሸ» ሲባል ሞላው ይሁን ዘይቱ አይታወቅም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጣልቃ የሚገባበት ቦታ ካለ ይህ ነው። በበኩላችን የምናቀርበው አገባብ የሚከተለው ነው። አሞርዛተር፦ ስም፤ በተሽከርካሪ ሞላ ወይም ባሌስትራ አጠገብ ወይም ውስጥ የሚታሠር፣ ቀዳዳ ባለው ፒስተንና በዘይት እየሠራ የሞላውን መመላለስ የሚገታ መሣሪያ። «ሾክ» ለብቻው ዋና ቃል ሳይሆን ወደ አሞርዛተር እንዲመራ ይደረግ። ሞላ በሁለት የተለያዩ መግቢያዎች፣ አንዱ በግሥ፣ ሌላው በስም፣ ይግባ፤ በስሙ ሥር «ረገበ» ከሚለው ጋር የሚያገናኝ አገባብ ይጨመር። አራቱ የብልሽት ግሦች፣ ማንገጫገጭ፣ መዝለል፣ ታች መምታትና መንኳኳት፣ እያንዳንዳቸው በየስፍራቸው የተሽከርካሪ ፍች ይጨመርላቸው።

ሳይቋጩ የቀሩ አሉ። ፒስተኑ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ ዘይቱ በትንሽ ቀዳዳ ለማለፍ ጊዜ አጥቶ አሞርዛተሩ ለቅጽበት እንደ ደረቅ እንጨት ይሆናል፤ ለዚህ ጋራዡ ቃል የለውም፣ በባጃጅ ላይ ለይቶ የሚያየው ስለሌለ። «ዘይቱ ታነቀ» ማለት ይቻላል፤ ሞተር እንደሚታነቅ ሁሉ። ለ«ሪባውንድ» ከ«ነጠረ» መነሣት ይቀናል፤ ነገር ግን «ንጥረት» ከኬሚስትሪው ንጥረ ነገርና ከንጥር ቅቤ ጋር ስለሚጋጭ «መልስ»ን እንመርጣለን፤ ሞላው ሲጨመቅ ጭመቃ፣ ሲለቀቅ መልስ። ከዚህ ተነሥቶ ፒስተኑ ሲወርድ የሚገታውንና ሲመለስ የሚገታውን ለይቶ መጥራት ያስፈልጋል። «የጭመቃ መግታት» እና «የመልስ መግታት» የሚሉት ከባድ ናቸው፤ ከ«ገታ» አጭር ስም የሚያበጅ ተርጓሚ ቢገኝ በዚህ መጽሔት ዓምድ ላይ ቢያቀርበው መልካም ነው፤ ከመላኩ በፊት ግን አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ውሎ መካኒኩ ፊት ቢናገረው።